የየኔታን ድምፅ የጠበቅሁበት ማሽን

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ፒያሳ ወዳለው የእህቴ ልጅ የጥገና ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። አንድ የከረመ ኮምፒውተር ሆዱን ከፍቶ አቧራውን በመንፊያ ሲያራግፍ ደረስሁ። «አክስቴ፣ እንዳይነካሽ ወደዚያ በይ» አለኝ። ወደዚያ ማለት አቃተኝ። ቆርቆሮ ውስጥ ለዓመታት ሲሞቅ የኖረ አቧራ የራሱ ሽታ አለው፤ ትንሽ የተቃጠለ ላስቲክ፣ ትንሽ ደግሞ ክረምት የገባበት ቤት ይሸታል። ስንት ዓመቴ ነው ይህን ካሸተትሁ? ወንበር ስበህ ስጠኝ ብዬ ተቀመጥሁ። ልጁ ሳሌ የተነሣብኝ መስሎት ውሃ አመጣ። ውሃዬን ጠጣሁ። ምን ልበለው? አንዲት ማሽን ነበረችኝ፣ አምስት ዓመት ጠበቅኋት፣ እዚያው በእጄ ላይ የአንድ ሰው ድምፅ አጠፋሁ ልበለው? እሱ እንደሆነ የጠፋ ነገር ሁሉ ከኢንተርኔት ተፈልጎ ይገኛል ብሎ የሚያምን ትውልድ ነው።

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምይዘው በዋጋና በልብስ ነው። ከማራኪ ፒያሳ በሚኒባስ ስልሳ አምስት ሳንቲም የነበረ ጊዜ፤ ረዳቱ መልሷን ሲረሳ ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ብላችሁ የምትወርዱበት ጊዜ። ማኪያቶ ብር ከሃያ አምስት ነበር። ወንዶቹ ትከሻው የሰፋ የቆዳ ጃኬት፣ ሴቶቹ ከታች ሰፋ ያለ ጂንስ ይለብሱ ነበር፤ አንድ ክረምት ሙሉ ከፒያሳ ካሴት ቤቶች ሁሉ አንድ ዘፈን ብቻ ይወጣ ነበር፤ ሳልወደው ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ሞባይል ያለው ሰው ከቀበቶው ላይ አስሮ እንደ ሽጉጥ ያንጠለጥለዋል። ፍላሽ የሚባለውም ነገር ገና መምጣቱ ነው። አንዷን በአራት መቶ ብር ገዝቼ፣ በገመዷ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሰፈራችን አዲስ ዓለም ስገባ፣ የጎረቤታችን አሮጊት «ምነው ሰዓዳ፣ ማተብ አሰርሽ እንዴ?» ብለው በሳቅ ፈረሱ። እኛ ከጥንት ጀምሮ አዲስ ዓለም የኖርን ሙስሊም ነጋዴዎች ነን፤ አባዬም አቡጀዲና ነጭ ሻሽ ሲሸጥ ነው ያረጀው። ዛሬ የሱቁ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ቆሟል፤ ታች የስልክ ሽፋን ይሸጡበታል።

እኔ እንጀራዬን የጀመርሁት በታይፕ ነው። ሦስት ካርቦን ደርቤ ደብዳቤ ስመታ ጣቴ ጥቁር እንደሆነ ቤት የምገባ ልጅ ነበርሁ፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ታይፒስት የነበርን ሁሉ ወይ ተማርን ወይ ተባረርን። እኔ ተማርሁ። በኋላ ማራኪ ውስጥ፣ ተማሪና አስተማሪ ተከራይቶ ከሚኖርበት መንደር መሐል፣ ጥቂት የከተማው ሰዎች ማኅበር መሥርተው ሁለት ክፍል ተከራዩና ቀጠሩኝ። ሐሳባቸው የሚያስመሰግን ነበር፤ ያረጁ መምህራን ሳያልፉ ድምፃቸውን ቀርጾ ማስቀመጥ። ሠራተኞቹ ቤቱን «ድምፅ ቤት» እንለው ነበር። አንደኛው ክፍል ግድግዳው በብርድ ልብስና በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኖ መቅረጫ ሆነ። በሌላው አራት ኮምፒውተርና አንዲት ሰርቨር ገቡ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ሦስት ቀን ውሎ ተከላትና አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መመሪያ ጥሎልን ሄደ። እኔ መዝገበ ቃላት ካጠገቤ አስቀምጬ፣ በየመስመሩ ማስመሪያ እያስደገፍሁ አነበብሁት። ከኔ ሌላ ሊያነበው የደፈረ ስላልነበረ ማሽኗ የኔ ሆነች።

ሥራዋ ለማስረዳት ቀላል ነው። የተቀረጸው ድምፅ ሁሉ እሷ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በአራቱ ኮምፒውተሮች የተቀመጠ ሰው ደግሞ ያንኑ ድምፅ በራሱ ስክሪን ላይ ከፍቶ ያዳምጣል። ይህን የሚያደርገው ከጀርባ ሆኖ የሚሮጥ አንድ ፕሮግራም ነው። መስኮት የለው፣ ምልክት የለው፤ መኖሩ የሚታወቀው ሲቆም ነው። የሚታዘዘውም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። የቱ ማህደር ለማን ይታይ፣ ማን ከፍቶ ይስማ፣ ማን ይቀይር ወይም ያጥፋ፣ ሁሉም እዚያ በየመስመሩ ተጽፏል። አንድ ፊደል ቦታዋን ከሳተች ፕሮግራሙ አኩርፎ አይነሣም። መብራት ሳይጠፋ የዋለበት ቀን በጎንደር እንደ በዓል የሚቆጠርበት ጊዜ ነበርና፣ መብራት በሄደ ቁጥር ባትሪው ሩብ ሰዓት ይጮህና ይሞታል። ሲመጣ ኮምፒውተሮቹ በራሳቸው ይነሣሉ፤ ፕሮግራሙን ግን እኔ በትእዛዝ ማስነሣት ነበረብኝ። የለወጥሁትን መስመር ሁሉ ከነምክንያቱ የምጽፍባት ደብተርም ነበረችኝ። ኩራቴ ነበረች። እንዲያ ያለ ኩራት ከዚያ ወዲህ አልተሰማኝም፤ እንዳይሰማኝም እፈራለሁ።

ከመጡልን መምህራን ሁሉ የከበዱት የኔታ ላእከ ነበሩ። የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ካህናት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ የሚዘምሩትን ዜማ ነው የሚያስተምሩት። ዜማው በብራና ላይ ምልክት አለው። እሳቸው ግን «ምልክቱ መንገዱን ያሳይሻል እንጂ አረማመዱን አያሳይሽም» ይሉ ነበር። የእሳቸው አረማመድ ከመምህራቸው፣ ከመምህራቸውም መምህር በጆሮ ብቻ የወረደ ነው። አብረዋቸው የተማሩት አልፈዋል። ከደቀ መዛሙርታቸውም የቀረው ቀለመወርቅ የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር፤ እሱም ገና እኩሌታውን አልጨረሰም። እኔ ግን የኔታን ከልጅነቴ አውቃቸው ነበር። የሚጠመጥሙትን ነጭ ሻሽ የሚገዙት ከአባዬ ነው። በዓመት አንዴ መጥተው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ያሹና «ሐጂ፣ ይኼማ ወንፊት ነው» ይላሉ፤ አባዬ «እንግዲያው ዱቄት ይንፉበት» ይላል፤ ከዚያ ተቀምጠው እስከ ቀትር ያወራሉ። የኔታ ድምፅ ቤት ሲመጡና ማሽኑ አጠገብ ሲያዩኝ «አንቺ የሐጂ ልጅ፣ ከጨርቅ ወደ ቆርቆሮ ገባሽ?» አሉኝ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ ማክሰኞና ሐሙስ እየመጡ ከሰባ በላይ ዜማ ቀረጽናቸው። የድምፅ መቅረጫ መሣሪያዋ ጥቂት ብቻ ስለምትይዝ የዕለቱን ወደ ሰርቨሯ ገልብጬ አጸዳታለሁ፤ በነጋታው ሌላ ይቀረጽባታል። የገለበጥሁትን እንዳይቆራረጥ በማዳመጫ እፈትሸዋለሁ። ቀጥሎ የኔታ አንዱ ኮምፒውተር ጋ ተቀምጠው የገዛ ድምፃቸውን እየሰሙ ይመረምራሉ። ማውስ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ሰባ ዓመት መቋሚያ የያዘ እጅ ማውስን እንዴት ጨምቆ እንደሚይዝ ብታዩ። በሳምንት ለመዱት። በወሩ እንዳውም ቀለመወርቅን «ተወው፣ አትንካብኝ» እስከማለት ደረሱ። ሰርቨር ምን ማለት ነው ብለውኝ «አገልጋይ ማለት ነው» ስላቸው ደስ አላቸው፤ «እንግዲያው ባልንጀራዬ ናት» አሉ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ የወንበር መገፋት ሰማሁ። ቀና ስል የኔታ ቆመዋል። ስክሪናቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቷል።

«ምን ይላል?» አሉት ቀለመወርቅን።

ቀለመወርቅ ወደኔ አየ፣ ወደ መሬት አየ። «ፈቃድ የለዎትም ነው የሚል፣ የኔታ።»

«ማን ነው የከለከለኝ?»

ወደኔ ዞሩ። «አገልጋይ ናት አላልሽኝም?» አሉኝ። ድምፃቸው አልጨመረም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ወጡ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀሩ፤ ሐሙስም ቀሩ። ኃላፊያችን «ምን አድርገሽብኝ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ይህ ምንም አልመሰለኝም። ማታ ለአባዬ ስነግረው ግን የሚቆርሰውን ዳቦ አስቀመጠና «ሰዓዳ፣ ያን ሰው በገዛ ድምፁ ላይ ፈቃድ የለህም አልሽው?» አለኝ። ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ።

በነጋታው ገብቼ ያን ፋይል ከፈትሁት። መቀየርና ማጥፋት ይፈቀዳል ወይ በሚለው መስመር ላይ ያለውን አንድ ቃል፣ «አይ» የሚለውን፣ «አዎ» አልሁት። ለሁሉም። ፕሮግራሙን አቁሜ አስነሣሁት፤ ጉዳዩ የአንድ ደቂቃ ነው። መመሪያው በወፍራም ፊደል ይህን አታድርጉ፣ ለያንዳንዱ ሰው የራሱን ስምና የራሱን ማህደር ስጡት ይላል፤ አንብቤዋለሁ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ደግሞም የኔታን ምን ሊያደርጉ ፈልገው እንደተከለከሉ አልጠየቅኋቸውም። ሽማግሌ «ለምን ፈለጉት?» ተብሎ ይጠየቃል? በኛ አገር አይጠየቅም። ደብተሬ ላይ ቀኑን፣ መስመሩን ጻፍሁና ምክንያት በሚለው ረድፍ «አክብሮት» ብዬ ሞላሁ። ቤታቸው ሄጄም ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሐሙስ መጡ፤ ተቀመጡ፤ ማውሷን ጫን አደረጉ። «አሁን ሸጋ ሆነች፣ ታዘዘች» አሉ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ፣ ከማራኪ እስከ አዲስ ዓለም ሚኒባስ ትቼ በእግሬ ነው የሄድሁት።

ከዚያ ስንት ሳምንት እንደሄደ አላውቅም። አንድ ማክሰኞ ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዘ ስፈትሽ መሙላት ሲገባው ጎድሏል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ሌላ ዲስክ ግዙልኝ ብዬ ማኅበሩን ልለምን ስዘጋጅ ነበርና ተገላገልሁ ብዬ አሰብሁ። ከዚያ የየኔታን ማህደር ከፈትሁ። ከሰባ በላይ የነበረው ዘጠኝ ሆኗል። ከራስሽ ኮምፒውተር ያጠፋሽው ነገር ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል፣ ትመልሺዋለሽ፤ ከሰርቨር ላይ የጠፋ ግን ቅርጫት አልነበረውም። ለክፉ ቀን ብዬ ያቆምሁት ሁለተኛ ዲስክ ነበር። ወደ እሱ ሮጥሁ። እሱም ዘጠኝ። በየሳምንቱ አንደኛውን እንዲመስል ያዘዝሁት እኔው ነኝና፣ ከአንደኛው የጠፋውን ሁሉ እየተከተለ ከራሱ ላይም አጥፍቶታል። የኔታ ያለ ቀለመወርቅ ብቻቸውን መጥተው፣ ማዶ ተቀምጠው ማዳመጫቸውን ከጥምጥማቸው ጋር ያታግላሉ።

«የኔታ፣ እነዚያ ዜማዎች የት ሄዱ?»

«የትኞቹ?»

«የቀሩት ሁሉ።»

«አነሣኋቸው እኮ። ሰምቼ ደህና ነው ያልሁትን አነሣዋለሁ። ተማሪ ቀለሙን ሲያደርስ ሰሌዳው ይጠረግ የለም? ዘጠኙን ግን ትቻቸዋለሁ፤ ያኔ ጉንፋን ይዞኝ ከመንገድ ወጥቼባቸዋለሁ። ደግሜ እላቸዋለሁ።» ከዚያ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ዋናው አንቺ ዘንድ አለ አይደል?»

በሳቸው ዓለም እንዲያ ነው። ደቀ መዝሙር ከመምህሩ መጽሐፍ የራሱን ይገለብጣል፤ የራሱን ቢፍቅ የመምህሩ አይነካም። ስክሪናቸው ላይ የሚታየው የሳቸው ግልባጭ መስሏቸዋል። ሁላችንም አንዱን ብቻ ነው የምናየው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላስረዳኋቸውም። ቀይ ምልክቱ የከለከላቸውም ይህንኑ ሊያደርጉ ሲሉ ነበር፤ ማሽኗ ከኔ የተሻለ አስባለች።

«አለ» አልሁ።

ይህች ቃል ነች የጨረሰችኝ። ያን ጊዜ የኔታ ድምፃቸው አለ፣ ጤናቸው አለ። «ጠፍቷል፣ ይድገሙልኝ» ብል ይቆጡ ነበር፣ ምናልባት ወር ያኮርፉ ነበር፣ ከዚያ ይደግሙት ነበር። እኔ ግን በመጀመሪያ ልመልሰውና ከተመለሰ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልሁ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ፈላልጌ አገኘሁ፤ ስሙ ይመለሳል፣ ድምፁ አይመለስም። አንዱን ስከፍተው ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ወጣ። ከሳቸው በኋላ የቀረጽናቸው የሌሎች መምህራን ድምፅ እዚያው ቦታ ላይ ተጽፎበት ኖሯል። በዚህ መሐል የኔታ «ዘጠኙን መቼ ነው የምንደግመው?» ይሉኛል፤ እኔ «መብራቱ ይስተካከል፣ የኔታ» እላለሁ። መቅረጽ ከጀመርን የቀረውን ላዳምጥ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ሐሙስ እነግራቸዋለሁ እያልሁ ሁለት ወር ሄደ። ውሸት ስታረጅ ከባለቤቷ ትገዝፋለች።

ሰኔ ላይ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደቁ ተባለ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸው ተያዘ። ከአባዬ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። አባዬ የያዘላቸውን አዲስ ነጭ ሻሽ እግርጌያቸው አኖረው፤ ዋጋ አልተጫወቱበትም። እኔን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። ደህናውን እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና በሌባ ጣታቸው ብርድ ልብሱን መታ፣ መታ አደረጉት። ቤተሰቡ ውሃ አማራቸው፣ ጸሎት እየቆጠሩ ነው፣ ይላል። እኔ ገባኝ፤ ድምፃቸውን ሲከፍቱ ማውሷን እንዲያ ነበር የሚመቷት። ማውስ ያስተማርኋቸው እኔ ነኛ። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብዬ «አሉ፣ የኔታ። ሁሉም አሉ» አልኋቸው። ፊታቸው ረገበ። ጣታቸውን መለሱ። በሦስተኛው ሳምንት ዐረፉ፤ ሰው ሁሉ ልባቸው አርፎ ነው የሞቱት አለ። እውነት ነው፣ አርፎ ነው። የኔ ልብ ከዚያ ቀን ወዲህ አላረፈም። አባዬም ተከትሏቸው ሄደ፤ ለእሱም ሳልነግረው።

ማኅበሩ ከዚያ ብዙ አልቆየም። የሚያዋጡት ሰዎች አንድ በአንድ ሲቀሩ ቤቱን መልሱ ተባለ። ኮምፒውተሮቹን ተከፋፈሏቸው፤ ሰርቨሯ ለቁራሌው ሄደች። ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀለመወርቅ ባዶ ሲዲ ገዝቶ መጣ። «እትዬ ሰዓዳ፣ የየኔታን ድምፅ ገልብጭልኝ፤ አገሬ ገብቼ ላስተምርበት» አለኝ። ስንት ነው ያለው ሲለኝ «ዘጠኝ» አልሁ። «ዘጠኝ ብቻ? ብዙ አልነበረም?» አለ። «ያለው ዘጠኝ ነው» አልሁት። አልዋሸሁም፤ እውነቱንም አልነገርሁትም። ሌላው ድምፅ ጠፋ ብዬ ልንገረው ብል ዘጠኙ ምን እንደሆኑም መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያን ሁሉ የምሸከምበት ወኔ አልነበረኝም። ገለበጥሁለት። ሲዲውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው፣ በነጠላው ጠቀለለው።

ዓመታት ሄዱ። ስልሳ አምስቷ ሳንቲም ሁለት ብር ሆነች፤ ካሴት ቤቶቹ የሞባይል መሸጫ ሆኑ፤ ማራኪ ሜዳ የነበረው ሁሉ ፎቅ በፎቅ ሆነ። እኔም ከቢሮ ቢሮ ስዞር ጡረታ ደረሰ። አንድ ጊዜ ወደ ደባርቅ ለለቅሶ ሄጄ ስመለስ፣ የተሳፈርሁባት ሚኒባስ ሰው ምሳ ይብላ ብላ ኮሶዬ ላይ ቆመች። ጉሙ መንገድ ላይ ተኝቷል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ ሻይ አዘዝሁ። ከወደ ኮረብታው የብዙ ሰው ዜማ ይመጣል። ባለቤቲቱን ምንድን ነው አልኋት።

«የመሪጌታ ቀለመወርቅ ተማሮች ናቸው» አለችኝ። «ከየት ከየት አገር ነው የሚመጡላቸው። የጥንቱን የየኔታ ላእከን ዜማ የያዙ እሳቸው ብቻ ናቸው አሉ፤ በድምፅ ተቀርጾ አላቸው።»

ሻዬን ተውሁት። ሚኒባሷ ጡሩንባዋን ስትነፋ «ሂዱ» አልኋቸው። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት እኔም አላውቅ፤ በዚህ ጉልበት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከተማሪዎቹ ጎጆዎች ፊት ሃያ የሚሆኑ ጎልማሶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። መሐላቸው የቆሙት ጢማቸው የሸበተ ሰው ወዲያው አወቁኝ። ዜማውን አስቁመው መጡ፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ። ለተማሪዎቻቸው «ይቺ እናት ናት የየኔታን ድምፅ ያቆየችልን» አሏቸው። ሃያ ሰው አንድ ላይ ጎንበስ አለልኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነገርኋቸው። ሁሉንም። መስመሩን፣ የኔታ ደህና ነው ያሉትን እያነሡ ማጥፋታቸውን፣ «አለ» ማለቴን፣ ሲዲው ላይ የቀሩት ዘጠኙ የኔታ ራሳቸው ስቼባቸዋለሁ ብለው ሊደግሟቸው የተዉአቸው መሆናቸውን። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። አልተቆጡም። መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ዘጠኙም እኔ ከአፋቸው ያልደረስሁባቸው ነበሩ፤ እነዚያኑ ነው ያስተማርሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት» አሉ። «ከነዚህ በፊት የተማሩት ዛሬ በየደብሩ መምህር ሆነዋል።»

«አውቃለሁ፣ መሪጌታ።»

«ይሁን። ስህተት ይታረማል።» ፊታቸው ላይ ትንሽ ተስፋ አየሁ፤ ከሁሉ የከፋብኝም እሱ ነው። «የቱ ላይ ነው የሳቱ? እርስዎ አጠገባቸው ነበሩ፣ ነግረዎት ይሆናል።»

ነግረውኛል። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ያን ማክሰኞ፣ ዘጠኙን ትቻቸዋለሁ ካሉኝ በኋላ፣ የኔታ ማዳመጫውን አውልቀው፣ «ስሚኝማ የሐጂ ልጅ፣ እንዲህ ብዬ ነው የተሳሳትሁ፣ መሆን ያለበት ግን እንዲህ ነው» እያሉ፣ እያንዳንዱን ከነስህተቱና ከነእርማቱ፣ አንዱን ካንዱ አስከትለው በጠረጴዛዬ ላይ በጣታቸው እየመቱ አዜሙልኝ። ዘጠኙንም። ከሰው ልጅ ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ራሴን በአክብሮት እየነቀነቅሁ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ የጠፋውን እፈልግ ነበር። መቅረጫዋ ቅርቤ ነበረች፤ አላበራኋትም። ጆሮ ነበረኝ፤ አልሰጠኋቸውም።

«ነግረውኛል፣ መሪጌታ» አልሁ። «አልሰማሁም።»

መሪጌታ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው የመጀመሪያውን አነሡ። ሃያው ተቀበሏቸው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ በጣም ያማረ ነበር። ጥቂት እንደሄዱ እጃቸውን አነሡና አስቆሟቸው።

«እዚህ ላይ ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

እንደገና አነሡ፤ ሌላ ቦታ ላይ አስቆሙ። ተማሪዎቹ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያሉ።

«እዚህስ?»

«አላውቅም፣ መሪጌታ።»

ጉሙ ወርዶ እስኪሸፍነን ድረስ በየሐረጉ እያስቆሙ ጠየቁኝ፤ ዘጠኙንም አንድ በአንድ አስኬዷቸው። በስተመጨረሻ መጠየቃቸውን ተውና፣ ያስቆማሉ፣ ፊቴን ያያሉ፣ ይቀጥላሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ለተማሪዎቻቸው አንዷን ዜማ እንኳ ሳያቋርጡ ዘልቀው አያውቁም ሲሉ ከኮሶዬ የመጡ ሰዎች ነገሩኝ።